ማንም ያልጠጣው ውሃ

የጉለሌ ወንድ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ሁለት ነገር ያምረዋል። አንዱ እንደ ልጅነቱ ኳስ መጫወት ነው፤ ሌላው ዳኛ ላይ መጮህ ነው። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ የሚያገኝበት ቦታ የጤና ቡድን ይባላል። እሁድ እሁድ ቦርጩን በማሊያ ወጥሮ ይመጣል፤ ለጤናዬ ነው ይላል፤ ከዚያ ጨዋታው ገና ሳይሟሟቅ ከገዛ ጎረቤቱ ጋር ቅልጥም ለቅልጥም ይጋጫል። እነዚህን ሰዎች ለብዙ ዓመት በፊሽካ ያስተዳደርኳቸው እኔ ነኝ። ሴት ነኝ፣ የስፖርት አስተማሪ ነኝ፣ ድምፄ ደግሞ ያለ ፊሽካም ይሰማል።

ዳኛ የሆንኩት ሁለቱም ቡድኖች የሚስማሙበት ወንድ ስለጠፋ ነው። አንዱ ቡድን የሽሮ ሜዳ ነው፤ ሸማኔና የጋቢ ነጋዴ ይበዛበታል። ሌላው የቀጨኔ ነው፤ ባለሱቆች ይበዙበታል። ሽሮ ሜዳዎች ያመጡትን ዳኛ ቀጨኔዎች ያባርሩታል፤ ቀጨኔዎች ያመጡትን ሽሮ ሜዳዎች ከሜዳ እስኪወጣ አይታገሡትም። በመጨረሻ እኔን ጠሩ። ኳስ እንደማውቅ ያውቃሉ፤ ቤቴም ከሁለቱ ሰፈር መሃል ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር። የሽሮ ሜዳው አምበል ታላቅ ወንድሜ ነው።

ታላቅ ወንድም ስል እንዲሁ ቀድሞኝ የተወለደ ማለቴ አይደለም። አባታችን ከሞተ በኋላ ሸማ እየሠራ ያስተማረኝ እሱ ነው። ጋሼ ነው የምለው። እሱ ደግሞ እኔን ሚጣዬ ይለኛል፤ የጎልማሳ ልጅ እናት ከሆንኩ በኋላም ሚጣዬ ነኝ። የመጀመሪያው እሁድ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ወደ ጥግ ወሰደኝና፣ ሜዳ ውስጥ እህቴ አይደለሽም፤ እኔም ወንድምሽ አይደለሁም አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሜዳ ውስጥ ዳኛ እያለ፣ እርስዎ እያለ ነው የሚያናግረኝ። መጀመሪያ ሰዎቹ ይስቁ ነበር፤ ኋላ ግን ለመዱት፤ እነሱም እርስዎ ማለት ጀመሩ። በሁለተኛው ዓመት ቀይ ካርድ አሳየሁት። አመሰገነኝና ወጣ። ማታ ቤቱ ሄጄ እራት በላን፤ ስለ ካርዱ አንድም ቃል አልተነሳም።

ፊሽካው እጄ ላይ የቆየው በዚህ ነው። ይህች ሴት ለወንድሟ አታዳላም ይባላል። ያ ወሬ የተበላሸ ቀን እኔም ከሜዳው እንደምወጣ አውቃለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ተሳሳተ ይባላል፤ እኔ ከተሳሳትኩ ግን አዳላች ነው የሚባለው።

ሜዳችን ድሮ አፈር ነበር። በበጋ አቧራው ዓይን ያጠፋል፣ በክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ዳር ዳሩን የባሕር ዛፍ ስለነበረው ግን የደከመው ሄዶ ይጠለላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰው ሠራሽ ሳር ተነጠፈለት። ደስታችን ልክ አልነበረውም። የሰርግ ሚዜ ይመስል ተሰልፈን ፎቶ ተነሳን። ዛፎቹ ለአጥሩ ሲባል እንደተቆረጡ ያየነው ኋላ ነው። ሳሩ አረንጓዴ ነው፤ ሥሩ ግን ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ተነስንሶበታል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይግላል። ሜዳው ሲያምር ፈላጊውም በዛ። ጠዋቱን ታዳጊዎች ወሰዱት፣ ከሰዓቱን የሰፈር ወጣቶች። ለጤና ቡድን የተረፈው ስድስት ሰዓት ነው፤ ቀጥ ያለ ቀትር። ተራችንን ካልተጫወትንበት ለሌላ እንደሚሰጥ ተነገረን፤ ስለዚህ አንድም እሁድ አንቀርም። አሁን የምንጫወተው በማለዳ ነው፤ ያኔ ግን እንዲያ ነበር።

የእንጦጦ ሥር ሰው ሙቀት የሌላ አገር ጉዳይ ይመስለዋል። ሙቀት ድሬዳዋ ነው፣ ሙቀት አዋሽ ነው፤ እኛ ዘንድ ያለው ብርድ ነው። ከታመምን ብርድ መቶን ነው፤ ብርድ ካልሆነ ምች ነው፤ ከሁለቱ ውጪ በሽታ አናውቅም። ፀሐይን የምንሞቃት ነገር አድርገን ነው ያደግነው። ሰው ከቤቱ ፀሐይ ልሙቅ ብሎ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ሲነሳ ጤና ያገኘ ይመስለዋል። እኔም በልጅነቴ በመጋቢት ጠዋት ሹራብ ለብሼ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው። አሁን በመጋቢት ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ ደብተራቸውን ማራገቢያ ያደርጉታል፤ የበልጉም ዝናብ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ይህን ለጋሼ ስነግረው፣ አርጅተሽ ነው እንጂ ፀሐይዋ ያው ናት ይለኛል። እሱ እንኳን ሙቀትን ዝናብንም ሰበብ ነው የሚለው።

የመጀመሪያውን ምልክት ያየሁት በጫማ ነው። የቀጨኔ ተከላካይ ኳስ ሊመታ ሲሮጥ የጫማው ሶል ማስቲሹ ለቆ ሳሩ ላይ ቀረ። እሱ በካልሲው ሁለት እርምጃ እንደሄደ እሳት እንደረገጠ ሰው ዘለለ። ሜዳው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን ነገሩን አውጥቼ አወረድኩት። ማስቲሽ የሚያላቅቅ መሬት ላይ ነው እንግዲህ የደም ግፊት ያለባቸውን ሰዎች የማስሮጠው አልኩ። ስለዚህ ከሚቀጥለው እሁድ ጀምሮ በየአጋማሹ መሃል የውሃ እረፍት እንዲኖር ወሰንኩ። ማንንም አላማከርኩም፤ ካማከርኳቸው እስከ ዛሬም ይከራከሩ ነበር።

ጀሪካን ሙሉ ውሃና አንድ ደርዘን ኩባያ ይዤ መጣሁ። ጊዜው ሲደርስ ነፋሁ፤ ሁሉም መሃል ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ያን ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ወድቀው ነበር። ሙስሊሞቹ ጾመኛ ስለሆኑ ውሃ እንደማይቀምሱ አውቃለሁ፤ ለእነሱ እረፍቱ ይበቃቸዋል ብዬ ነው። ክርስቲያኖቹ ግን እሁድ ስለሆነ ከቅዳሴ መልስ ውሃ መጠጣት አይከለከሉም። ይህን ሁሉ አስልቼ ነው የመጣሁት። ያላሰላሁት ይሉኝታን ነው።

ኩባያውን ሞልቼ ለአንዱ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሰጠሁት። ተቀበለኝና አጠገቡ የቆመውን ጾመኛ አየው። ከዚያ ኩባያውን ለሚቀጥለው አሳለፈ። የሚቀጥለውም እንዲሁ አደረገ። ኩባያው እየዞረ መልሶ እኔ ጋ መጣ፤ አንድ ጠብታ አልጎደለም። የቀጨኔው አምበል፣ ሰፈሩ ባለሱቁ የሚለው፣ ጾመኛ ነበር፤ እሱ ደግሞ፣ ጠጡ እንጂ እኛን አትዩ እያለ ይለምናቸዋል። ጋሼ ከንፈሩ ደርቆ ነጭ ሆኖ፣ ኧረ እኛም አልጠማን አለው። ባለሱቁ በጀ ካላላችሁ እቀየማለሁ አለ፤ ጋሼም አንተ ሳትጠጣ እኔ ከጠጣሁማ ምኑን አብረን ተጫወትን አለ። ሃያ ሁለት ሰው ጀሪካኑን ከቦ፣ ለቅሶ እንደደረሰ ዝም ብሎ፣ በዚያ ፀሐይ ቆመ። ነፋሁና ጨዋታው ቀጠለ። ውሃውን ቤት ወስጄ ልብስ አጠብኩበት።

በሚቀጥለው እሁድ ዘዴ ቀየርኩ። መጠጣት የሚችል ከጎሉ ጀርባ ይሂድ፣ እዚያ የሚያየው የለም አልኩ። ማንም አልሄደም። ተደብቆ የሚጠጣ ሰው መባልን ከጥሙ አስበልጠው ነው የፈሩት። ተናደድኩባቸው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ወደድኳቸው። ሁለቱም ስሜት ባንድ ላይ ነበር የተሰማኝ፤ ግን ይሉኝታ የሰውን ደም እንደማያቀዘቅዝ አውቅ ነበር። ጀሪካኑን ይዤ መምጣቱን አልተውኩም።

የዋንጫው ጨዋታ የወደቀው በዚያው ጾም፣ በመጋቢት ነው። ዋንጫው ከፒያሳ የተገዛ፣ እጀታው የሚላቀቅ ነገር ነው፤ ለእነሱ ግን የዓለም ዋንጫ ማለት ነው። ሰማዩ ላይ የዳመና ዘር የለም። ከሳሩ የሚነሳው ሙቀት እግሬን አልፎ እስከ ጉልበቴ ይሰማኛል። በሁለተኛው አጋማሽ ቀጨኔዎች ሁለት ለአንድ እየመሩ ነበር፤ ሊያልቅ የቀረው ትንሽ ነው። ጋሼ ጨዋታውን በሙሉ ባለሱቁን ሲያሳድደው ነበር የዋለው። በውሃ እረፍቱም እንደ ልማዱ አልጠማኝም አለ።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ዝምታውን ነው። ወንድሜ ኳስ ሲጫወት አፉን ዘግቶ አያውቅም፤ በረኛውን ይሰድባል፣ አጥቂውን ይመክራል፣ ከራሱም ጋር ያወራል። ያን ቀን ዝም አለ። ቀጥሎ ኳሷን ሰተት አድርጎ ለባለሱቁ ሰጠው። ሰው ሳቀ፤ በጾም ምጽዋት ሰጠ ብለው ቀለዱበት። እጅ ውርወራ ሆነና ወደ እሱ ቀረብ ስል ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ እኔ ላይ ነው፤ የሚያየው ግን ሌላ ቦታ ነው።

"ሚጣዬ፣" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "በሩን ዝጊው፤ ብርድ እየገባ ነው።"

ሜዳው ላይ በር የለም። ብርድም የለም። ከሁለቱም በላይ ያስደነገጠኝ ግን ዝጊው ማለቱ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ሜዳ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አንቺ ብሎኝ አያውቅም። ቀይ ካርድ ሳሳየው እርስዎ ብሎኝ የወጣ ሰው ነው። ክንዱን ያዝኩት፤ ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ይፋጃል።

ጨዋታውን ካቋረጥኩ ይደገማል፤ ስምምነታችን እንደዚያ ነው። ቡድኑ እየተመራ ነው። ስለዚህ ካቋረጥኩ ወንድሟን ከሽንፈት አዳነች ይባላል። እሱን ብቻ አስወጥቼ ማስቀጠል እንደሚቻልም አውቃለሁ። ዞር ብዬ ሌሎቹን አየሁ። አንዱ እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ ጎንበስ ብሏል፣ አንዱ ያለ ምክንያት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የቀጨኔው በረኛ የጎሉን ብረት ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኗል። ሁሉም ተራ የሚጠብቁ ነው የመሰሉኝ። ፊሽካውን ነፋሁና፣ ጨዋታው አልቋል፣ ሁላችሁም ውጡ አልኩ። ጋሼ ፊሽካውን ሲሰማ ጉልበቱ ታጥፎ ወደቀ።

ከዚያ የሆነው እኛ ሰፈር ብቻ የሚሆን ነው። ምች ነው፣ ምች መታው አለ አንዱ። ዳማከሴ ፍለጋ የሮጠ አለ። ሌላው ጋቢ አምጡ አለ፤ የሽሮ ሜዳ ቡድን ባለበት ደግሞ ጋቢ አይጠፋም፤ ወዲያው ሦስት ጋቢ መጣ። እየነደደ ያለውን ሰው ንፋስ እንዳይመታው ብለው ከራሱ እስከ እግሩ ጠቀለሉት፤ የቀሩት ደግሞ ንፋሱን ለመከለል ዙሪያውን ግጥም አድርገው ቆሙ። ሁሉም የሚወዱት ሰዎች ናቸው። በፍቅር ሊገድሉት ነበር።

በክርኔ እየገፋሁ ገባሁና ጋቢዎቹን አንድ ባንድ ገፍፌ ወረወርኳቸው። ማሊያውን አወለቅኩት። ጀሪካኑን ሳነሳ አንድ ሽማግሌ ተመልካች እጄን ያዙኝ። በላብ ላይ ውሃ ካፈሰስሽበት አለቀለት አሉኝ። ዙሪያ ያሉትም እውነታቸውን ነው አሉ።

"እንጦጦ ላይ በጥር ማለዳ ያ ጠበል ሲወርድባችሁ፣" አልኩ፣ "ብርድ የገደለው ሰው አለ? ካለ ንገሩኝና ልተው።"

ሽማግሌው እጄን ለቀቁኝ። ያኔ ከጎኔ ውሃ ሲፈስ ሰማሁ። ባለሱቁ ለውዱእ ይዞት የሚመጣውን ማንቆርቆሪያ አንስቶ የጋሼ አንገት ላይ እያንቆረቆረ ነው፤ አንገቱን፣ ጆሮውን፣ ግንባሩን እያደረሰ፣ ለሶላት እንደሚታጠብ ሰው በሥርዓት። እኔ ጀሪካኑን ደረቱ ላይ ገለበጥኩት። ሌሎቹን ጋቢውን እንደ ማራገቢያ ያዙና አራግቡ አልኳቸው፤ አራገቡ። ሲጾሙትና ሲግደረደሩበት የከረሙት ውሃ በሙሉ ያን ቀን ወንድሜ ላይ ፈሰሰ።

በሚኒባስ ወደ ሆስፒታል ስንወስደው ሁሉንም መስኮት አስከፈትኩ። ረዳቱ፣ እህት፣ በሽተኛ ይዘሽ መስኮት ይከፈታል እንዴ ብሎ ገሰጸኝ። በሩንም ክፈተው አልኩት። እያጉረመረመ ግማሽ በሩን ከፈተ። ሐኪሟ ተቀብላ በረዶ አደረገችለት፤ ውሃ ማፍሰሳችን እንደጠቀመው ነገረችን። ማግስቱን ጋሼ ዓይኑን ገልጦ የመጀመሪያ ጥያቄው ስንት ለስንት አለቀ የሚል ነበር። አለቀስኩ። ደስታም ነው፣ ድካምም ነው፣ ንዴትም ነው።

ሐኪሟ በቀትር መጫወት ከለከለችው። ዋንጫው ከበዓላቱ በኋላ ተደገመ፤ ሽሮ ሜዳዎች ያለ ጋሼ ተጫውተው አሸነፉ። የፈራሁት መጣ። ጮክ ብሎ የተናገረኝ የለም፤ ግን ወሬ ማንም ሳይናገረው ይደርሳል። ዳኛዋ ወንድሟንም ዋንጫውንም ባንድ ፊሽካ አዳነች ተባለ።

አንድ ቀን ስኳር ልገዛ ባለሱቁ ጋ ሄድኩ። ጋሼ ሆስፒታል ሳለ ሁለቴ የጠየቀው፣ ከበሽተኛው ይልቅ እኔን ያጽናናኝ ሰው ነው። ስኳሩን መዘነልኝ፤ ፌስታሉን ሲያስረው ግን ቀና ብሎ አላየኝም።

"እህቴ፣ ያቆምሽው ደግ አድርገሽ ነው፤ በወንድምሽ ሕይወት አልመጣም፣" አለኝ። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። እኔ ብሆን ታቆሚው ነበር?"

አዎ አልኩት። በጣም ፈጥኜ ነው የመለስኩት፤ ያላመነኝም ለዚያ ይመስለኛል። ስኳሬን ይዤ ዳገቱን ስወጣ ራሴን ጠየቅኩ። እኔ እኮ ጨዋታውን ያቆምኩት በአንዲት ቃል ነው። ያቺን ቃል ደግሞ ከእህት በቀር ማንም አይሰማትም። ሌላ ተጫዋች ሜዳ ውስጥ አንቺ ቢለኝ ቢጫ ካርድ ነበር የማሳየው። ባለሱቁ እንደዚያ ቢቃዥ ምን ብሎ እንደሚቃዥ አላውቅም፤ ሰውየውን ለብዙ ዓመት በሚሠራው ጥፋት ነበር እንጂ እንደ ሰው አይቼው አላውቅም። ስለዚህ አዎ ያልኩት ገና እውነት አልሆነም ነበር። እውነት ላደርገው ወሰንኩ።

ከዚያ እሁድ ጀምሮ በየእረፍቱ እያንዳንዱን ሰው ፊት ለፊት ቆሜ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ። መጀመሪያ ስንት ለስንት ነን እያልኩ ጠየቅኩ። አልሠራም፤ ሁሉም ለቡድኑ አንድ ሁለት ጎል ጨምሮ ነው የሚመልሰው፤ ሙቀት ይሁን ሌብነት መለየት አልቻልኩም። ቀጥዬ የመጨረሻ ልጅህ ስንተኛ ክፍል ነው አልኩ። ይኼማ ባሰ፤ አባቶቹ በደህናው ቀንም አያውቁትም። በመጨረሻ የሚሠራውን አገኘሁ። ከዚህ ወዴት ነህ? ይቺን እኛ አገር ሰው ሳያስብ ነው የሚመልሳት። አንዱ ቤት ነው፣ አንዱ ለቅሶ አለበት፣ አንዱ ሰርግ ተጠርቷል፣ አንዱ ደግሞ አንቺ ወደምትልኪኝ ሊል ቃጥቶት ካርዴን አይቶ ይተዋል። መልሳቸውን እየሰማሁ በዚያ ሁሉ ዓመት ያላወቅኋቸውን ሰዎች አወቅኳቸው።

ግንቦት ገባ። ጾሙም ረመዳኑም ካለፈ ቆይቷል፤ አሁን ሁሉም ይጠጣል። የጋሼ ነገር ከጾሙ ነው፣ ከፀሐይ አይደለም የሚሉ በዝተው ነበር፤ ጋሼ ራሱ አንደኛው ነው። ዝናቡ ዳመናውን እያሳየ ይመለሳል፤ ሳሩ እንደ ምጣድ ነው። ጋሼ አሁን አሰልጣኝ ነኝ ብሎ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ፣ የማይሰለጥኑ ሰዎችን ያሰለጥናል። ያን እሁድ ቡድኑ ሁለት ለዜሮ እየመራ ነበር፤ ደስታው ከጃንጥላው ሥር አላስቀምጥ ብሎታል።

ለእረፍቱ ነፋሁና እንደ ልማዴ እየዞርኩ ጠየቅኩ። ባለሱቁ ጋ ደረስኩ። ውሃውን ጠጥቷል፤ ላቡ ይንቆረቆራል፤ ቆሞም ነው፤ ከሩቅ ላየው ምንም አልሆነም። ከዚህ ወዴት ነህ አልኩት።

"ወደ ሱቅ፣" አለ። "አባቴን ብቻውን ትቼው ነው የመጣሁት።"

አባቱን ከቀበርን ዓመታት አልፈዋል። ሐዘን ቤታቸው ሰሌኑ ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ውያለሁ። ደግሜ ጠየቅኩት። አባቴ ሚዛኑን አይችልበትም፣ ልሂድ አለኝና ወደ አጥሩ መራመድ ጀመረ፤ አጥሩ ጋ ደግሞ በር የለም።

ነፋሁ። ጨዋታው አልቋል አልኩ። ሽሮ ሜዳዎች በአንድ አፍ ጮሁብኝ። እኛ ስንመራ ነው ወይ የሚቆመው፣ ሰውየው እኮ ቆሞ እየሄደ ነው፣ ምን ሆነ አሉ። ጋሼም ከጃንጥላው ሥር ተነስቶ እየጮኸ መጣ፤ የባለሱቁን ዓይን ሲያይ ግን አፉን ዘጋ። እንዲህ ያለ ዓይን በመጋቢት እሱም ነበረው፤ ራሱ አላየውም እንጂ። ጃንጥላውን ራሱ ይዞ ዘረጋለት፤ ቀጨኔዎቹ ደግፈው አስቀመጡት። ዳማከሴም ጋቢም የጠራ የለም። ያ ሁሉ ሰው ጀሪካን ፍለጋ ሲሯሯጥ አየሁ፤ ያኔ ኮራሁባቸው። እኔ አንገቱ ላይ፣ ጋሼ ራሱ ላይ ውሃ እያፈሰስን ቆየን። ተራ በተራ አራገቡለት። የጠራነው ሚኒባስ መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ ከሜዳው ውጪ ቆሞ ይጠብቃል።

ሚኒባሱ ውስጥ ሳናስገባው ዓይኑ ተመለሰ። ዙሪያውን አየ፤ ማሊያው እንደሌለ፣ ሱሪው እንደራሰ፣ ጋሼ ጀሪካን ይዞ አናቱ ላይ እንደቆመ አየ።

"ስንት ለስንት ነን?" አለኝ።

"ሁለት ለዜሮ እየተመራችሁ ነበር። አቁሜዋለሁ፤ ይደገማል።"

ቀና ብሎ ጋሼን አየው። ወንድሜ ያሸነፈውን ጨዋታ የተነጠቀ ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ ያንን ለመደበቅ አልሞከረም።

"እሱ ተናዷል፣" አለ ባለሱቁ።

"በጣም ተናዷል፣" አልኩት።

ፈገግ አለና ዓይኑን ጨፈነ፤ ራሱን ወደ ኋላ ለቀቅ አደረገ።

"እንግዲያው ውሃውን ጨምሩልኝ፣" አለ።

ወንድሜ እየተነጫነጨ ጨመረለት።